ገጽ በሚሊሜትር ለመሥራት የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሌይአውት ማለት ጽሑፍንና ፎቶን ገጽ ላይ ማስቀመጥ ነው። «ጥሩ የሌይአውት ሶፍትዌር ንገረኝ» የሚል ጥያቄ ሲመጣልኝ እኔም መልሼ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በሥራችሁ ላይ ጽሑፉ ነው ገጹን የሚጎትተው ወይስ ገጹ ነው ጽሑፉን የሚያዘው? ሪፖርት የምትጽፉ ከሆነ ጽሑፉ ይረዝማል፣ ገጹም አብሮት ይጨምራል። ሰርተፊኬት፣ ቅጽ፣ የመጽሐፍ ሽፋን ወይም መጽሔት ከሆነ ግን ገጹ አይነቃነቅም። ጽሑፉ የተሰጠው ቦታ ውስጥ መግባት አለበት። ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመዘዙ ናቸው።

ዎርድ አይበቃኝም?

ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዎርድ ልኬት አያውቅም የሚባለው ሐሜት ነው። ውስጥ ውስጡን የሚቆጥረው በፖይንት 1/20 ነው። ፖይንት ደግሞ 1/72 ኢንች ነው፤ 0.35 ሚሊሜትር ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ የዎርድ ትንሿ እርምጃ ከ0.02 ሚሊሜትር ታንሳለች። ዓይን አያያትም።

ጣጣው ሌላ ጋ ነው። ዎርድ ውስጥ ሁሉም ነገር ተያይዞ ይፈሳል። ገጽ 3 ላይ አንድ መስመር ስትጨምሩ ገጽ 9 ላይ ያለው ሠንጠረዥ ለሁለት ይቆረጣል። ፎቶ ስታስገቡ ፎቶው ከአንድ አንቀጽ ጋር ይታሰራል። ፎቶውን ነካ ስታደርጉ የምትታየው ትንሽ የመልህቅ ምልክት ይህንን ነው የምትናገረው። አንቀጹ ወደ ቀጣዩ ገጽ ሲሄድ ፎቶውም ጓዙን ጠቅልሎ ይከተለዋል። ፋይሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ደግሞ ፎንቱ ከሌለ ሌላ ይተካበታል። የፊደሉ ስፋት ይለወጣል፣ መስመሩ ይሰበራል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።

ዎርድን ሳትለቁ ብዙ ማትረፍ ይቻላል። የመስመር ክፍተቱን ዎርድ ራሱ እንዲወስን አትተዉት፤ ቁርጥ ያለ ቁጥር ስጡት። ሠንጠረዥ ስትሠሩ የረድፉን ቁመት ቁርጥ አድርጉ፣ በይዘቱ ልክ ራሱን እንዲያሰፋ የሚፈቅደውንም ምርጫ አጥፉ። የፎቶውን ቦታ ከአንቀጹ ሳይሆን ከገጹ ጠርዝ ለኩት። ስፔስ ባር እየደበደቡ ማስተካከል ግን ይቅር። በስፔስ የተሰለፈ ጽሑፍ ፎንቱ በተቀየረ ቁጥር ሰልፉን ያፈርሳል።

አንድ ሁለት ገጽ ያለው ቅጽ፣ ደብዳቤ፣ ሪፖርት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ እዚሁ ቆዩ። የዎርድ ነጻ አቻ የሆነው ሊብረኦፊስ ራይተርም እንዲሁ ነው። እንዲያውም በስታይል (አንዴ ተወስኖ በየቦታው በሚሠራ የፎንትና የክፍተት ምርጫ) አያያዝ ረገድ እኔ ራይተር ይሻለኛል፤ ለገጽ ራሱን የቻለ ስታይል አለው።

የሌይአውት ሶፍትዌሮች ታዲያ በምን ይለያሉ?

በፍሬም ነው የሚያስቡት። ባዶ ገጽ ትከፍታላችሁ። ሳጥን ትስላላችሁ፦ ከግራ 20 ሚሊሜትር፣ ከላይ 35፣ ወርዱ 80፣ ቁመቱ 120። ጽሑፉን ሳጥኑ ውስጥ ታፈሳላችሁ። ካልበቃው፣ ኢንዲዛይን በሚባለው የአዶቢ ሶፍትዌር የሳጥኑ ጥግ ላይ ቀይ የመደመር ምልክት ይወጣል። «ትርፍ አለኝ፣ የት ላድርሰው?» ማለቱ ነው። ሌላ ሳጥን ስላችሁ ስታያይዙት ትርፉ ወደዚያ ይፈሳል። የመጀመሪያው ሳጥን ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም።

ሌላው ማስተር ፔጅ ነው። የገጽ ቁጥሩን፣ የራስጌውን፣ የአምዱን መስመር አንድ ጊዜ ትሠራላችሁ። ከዚያ 300 ገጽ ላይ ይወርዳል። የገጽ ቁጥሩን 2 ሚሊሜትር ወደ ታች ዝቅ ማድረግ ብትፈልጉ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትነካላችሁ።

ሰዎች ችላ የሚሉት፣ እኔ ግን በጣም የምወደው ቤዝላይን ግሪድ ነው። የደብተር መስመር በሉት። የትኛውም ገጽ ላይ ያለ ጽሑፍ እነዚያ የማይታዩ መስመሮች ላይ ብቻ ይቀመጣል። በደንብ የተሠራ መጽሐፍ አንሱና አንዷን ቅጠል ወደ መስኮት ከፍ አድርጋችሁ በብርሃን እዩአት። የፊቱ መስመርና የጀርባው መስመር ተደራርበው ይታያሉ። ካልተደራረቡ በመስመሮቹ መሃል የጀርባው ጽሑፍ እንደ ጥላ ብቅ ይላል፣ ሲነበብም ያደክማል። ዎርድም መስመሮችን ግሪድ ላይ የማሰለፍ አማራጭ አለው፤ እንደነዚህኞቹ ግን አይመችም።

ይህ አስተሳሰብ የመጣው ከመቀስና ሙጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 አልደስ የተባለው ኩባንያ ለማኪንቶሽ ፔጅሜከርን ከማውጣቱ በፊት ገጽ የሚሠራው የታተመ አምድ እየቆረጡ ካርቶን ላይ በመለጠፍ ነበር። ኳርክኤክስፕረስ በ1987 መጣ። አዶቢ በ1994 አልደስን ጠቀለለ፣ በ1999 ደግሞ ኢንዲዛይንን አወጣ። ሳጥኑ ያው ሳጥን ነው፣ ሙጫው ብቻ ቀረ።

ከኢንዲዛይን፣ ከአፊኒቲ፣ ከስክራይበስና ከኳርክ የቱን ልያዝ?

አብረዋችሁ የሚሠሩት ሰዎች የሚጠቀሙትን። ቀልድ አይደለም። ፋይል የምትቀባበሉት ሰው ኢንዲዛይን ካለው እናንተም ኢንዲዛይን ያዙ። ጉዳዩ እዚያው አለቀ።

ብቻችሁን የምትሠሩ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ኢንዲዛይን ሁሉን ነገር ይችላል፤ ረጅም መጽሐፍ፣ የግርጌ ማስታወሻ፣ ማውጫ፣ ኢንዴክስ። ነገር ግን ከ2013 ወዲህ አዲስ እትሙ የሚገኘው በደንበኝነት ክፍያ ብቻ ነው። መክፈል ስታቆሙ ይቆማል። በዓመት ሁለት ብሮሹር ለሚሠራ ሰው ይህ አያዋጣም።

አፊኒቲ ፐብሊሸር በ2019 ሲወጣ አንዴ ተከፍሎበት የሚያልቅ ነበር። የሠራውን ሰሪፍ የተባለውን ኩባንያ በ2024 የኢንተርኔት ዲዛይን መሣሪያ የሆነው ካንቫ ገዛው። በ2025 መጨረሻ ላይ ደግሞ የፎቶ፣ የቬክተር (በመስመርና በቅርጽ የሚሣል ሥዕል) እና የሌይአውት ፕሮግራሞቹ አንድ ላይ ሆነው «አፊኒቲ» በሚል ስም በነጻ ተለቀቁ። አካውንት መክፈት ይጠይቃል። ዛሬ ከዜሮ ለሚጀምር ሰው መጀመሪያ ሞክር የምለው ይህንን ነው። ኢንዲዛይን ተለዋጭ አድርጎ የሚያስቀምጠውን አይዲኤምኤል የሚባለውን ፋይልም ይከፍታል።

ስክራይበስ ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ዊንዶውስ፣ ማክ፣ ሊኑክስ ላይ ይሠራል። መልኩ ያረጀ ይመስላል፣ ሠንጠረዥ ላይ ያስቸግራል፣ አንዳንዴም ዘገምተኛ ነው። ግን ሲኤምዋይኬ የሚባለውን የኅትመት አራት ቀለም ያውቃል፣ ለኅትመት የሚሆን ፒዲኤፍ ያወጣል። እኔ አንድ ሙሉ መጽሔት ሠርቼበታለሁ። ተነጫንጬ ነው የጨረስኩት፣ ግን ጨረስኩት።

ኳርክ አሁንም አለ። ቀድሞ የምታውቁት ካልሆነ ግን ዛሬ አዲስ ብሎ የሚጀመርበት ምክንያት አይታየኝም።

ማይክሮሶፍት ፐብሊሸርን ለምጄዋለሁ። ልቀጥል?

አትቀጥሉ። ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 2026 እ.ኤ.አ. በኋላ ድጋፍ እንደማይሰጠው አስታውቋል። የድሮ ፋይሎቻችሁን ሳይረፍድ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩ።

በካንቫ ይሆናል?

ለፖስተር፣ ለመጋበዣ ካርድ፣ ለአንድ ገጽ ነገር ይሆናል። የገጹን መጠን በሚሊሜትር መስጠት ይቻላል፣ ብሊድ (ከመቁረጫው መስመር አልፎ የሚታተም ትርፍ ቀለም) እና የመቁረጫ ምልክትም ያወጣል። አርባ ገጽ ላይ አንድ ፎንት ቀይሩ ስትባሉ ነው የሚታያችሁ። የአንቀጽ ስታይል ያለው ሶፍትዌር ላይ ያ ሥራ አንድ ክሊክ ነው።

ኢሉስትሬተር ወይም ኢንክስኬፕስ?

ሽፋን፣ ካርታ፣ መለያ ወረቀት፣ ማሸጊያ፣ ባጅ ከሆነ ምርጥ ናቸው። የሣጥን ማሸጊያ ስትሠሩ የማጠፊያው መስመር 0.5 ሚሊሜትር ቢሳሳት ክዳኑ አይዘጋም። እዚያ ላይ ከቬክተር ሶፍትዌር የሚሻል የለም። ኢንክስኬፕ ከ1.2 እትሙ፣ ማለትም ከ2022 ጀምሮ ብዙ ገጽ ያለው ፋይል ይሠራል። ግን ረጅም ጽሑፍ አታሸክሙት። ጽሑፍ ከገጽ ገጽ ሲፈስ መከታተል ሥራው አይደለም።

ላቴክ ለሰው ነው ለማሽን?

ላቴክ ገጹን በኮድ የምትሠሩበት ሶፍትዌር ነው። ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ኮዱን አይተው የደነገጡ ናቸው። እውነት ነው፣ አይጥ ይዞ የሚጎተት ነገር የለም። ትጽፋላችሁ፣ ታስኬዳላችሁ፣ ፒዲኤፍ ይወጣል።

ታሪኩ ግን ጥሩ ነው። ዶናልድ ክኑት የሚባለው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ በ1977 የራሱን መጽሐፍ አዲስ እትም የሙከራ ኅትመት ያያል። ማተሚያው ከእርሳስ ብረት ከተቀረጸ ፊደል ወደ ፎቶ ቴክኒክ ተዛውሮ ነበር። ገጹ አስጠላው። «ራሴ እሠራዋለሁ» አለና ቴክ የሚባለውን ሶፍትዌር ጀመረ። ባጭር ጊዜ የሚያልቅ መስሎት ነበር፤ አሥር ዓመት ገደማ ወሰደበት። ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ ከላዩ ላይ ለአጠቃቀም የሚቀለውን ላቴክን ጨመረ።

ልኬቱን እዩ። ቴክ የሚቆጥርበት ትንሹ መለኪያ የፖይንት 1/65536 ነው። ከብርሃን የሞገድ ርዝመት በብዙ እጥፍ ያንሳል። ስለዚህ «አልተስተካከለም» ካላችሁ ጥፋቱ የሒሳቡ አይደለም።

ለእኔ ግን ከልኬቱ በላይ የሚገርመኝ መስመር የሚሰብርበት መንገድ ነው። ተራ የጽሑፍ ሶፍትዌር መስመሩ ሲሞላ ይሰብርና ይቀጥላል። ቀጣዩ መስመር ምን እንደሚሆን አያይም። ስለዚህ አንዱ መስመር ጭንቅንቅ ይላል፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ ቃላቱ ተራርቀው እንደወለቀ ጥርስ ይሆናል። ቴክ አንቀጹን በሙሉ ያይና ሊሰበር የሚችልባቸውን ቦታዎች አመዛዝኖ አጠቃላይ መልኩ የሚያምረውን ይመርጣል። ኢንዲዛይንም «ፓራግራፍ ኮምፖዘር» በሚለው ዘዴው ይህንኑ ነው የሚያደርገው።

ለማን ይሆናል? ሒሳብ ለሚጽፍ፣ ቴሲስ ለሚጽፍ፣ የግርጌ ማስታወሻና ማጣቀሻ ለበዛበት ሥራ። ለመጽሔት አይሆንም። ፎቶን ጥግ አስይዞ ጽሑፍ በዙሪያው ማዞር ላቴክ ላይ ራስ ምታት ነው። ኮዱ ቀለል ያለ ነገር ከፈለጋችሁ ታይፕስትን ሞክሩ። በ2023 ኮዱ ክፍት የተደረገ አዲስ ሶፍትዌር ነው። ፈጣን ነው፣ የስሕተት መልእክቱም ለሰው ይገባል። የላቴክ የስሕተት መልእክት እንደዚያ አይደለም።

አማርኛ ላይ ሁሉም እኩል ይሠራሉ?

ፊደላችን እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደሎች የጋራ የኮምፒውተር ቁጥር አሰጣጥ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር አለው፤ ሀ፣ ሁ፣ ሂ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። እንደ ዓረብኛ ቅርጹ ከጎረቤቱ ጋር አይቀያየርም፣ ከግራ ወደ ቀኝም ነው የሚሄደው። ስለዚህ ዩኒኮድ የሚያውቅ ሶፍትዌር ሁሉ አማርኛን ያሳያል። ጣጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው።

የመጀመሪያው የድሮ ፋይል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ዛሬ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ይመጣል። መለወጫ ሳታገኙለት ሌይአውት አትጀምሩ።

ሁለተኛው የመስመር ቁመት ነው። የአማርኛ አንቀጽ መሃል አንድ የላቲን ቃል ወይም 2024 የሚል ቁጥር ስታስገቡ ሶፍትዌሩ ለእሱ ሌላ ፎንት ሊጠራ ይችላል። የዚያ ፎንት ቁመት ይለያል። መስመሩ በ«አውቶ» ከሆነ ያቺ መስመር ብቻ ከፍ ትላለች። አንቀጹን ስታዩት አንድ ቦታ ላይ የተነፈሰ ይመስላል፣ ምክንያቱም አይገባችሁም። መድኃኒቱ ቁርጥ ያለ የመስመር ክፍተት ነው። እኔ ለ11 ፖይንት አማርኛ ከ16 አካባቢ ጀምሬ በዓይኔ አስተካክላለሁ። ፊደላችን ረጃጅም ስለሆነ ለላቲን ጽሑፍ የለመድነው ክፍተት ያፍነዋል።

ሦስተኛው ድምቀት ነው። ኒያላ በዊንዶውስ ለብዙ ዓመት የታወቀ ፎንት ነው፣ ግን አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። «ቦልድ» ስትሉት ሶፍትዌሩ በግድ ያደልበዋል። ትንሽ ፊደል ላይ እነ ጨና ጩ ይደፈናሉ። በዚያ ላይ በዊንዶውስ 10 ተጨማሪ ፎንት ሆኖ ተለይቶ የሚጫን ስለሆነ የምትልኩለት ሰው ላይኖረው ይችላል። እውነተኛ ድምቀት የምትፈልጉ ከሆነ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ወፍራም አላቸው፣ ነጻም ናቸው። ሰያፉን ግን ተዉት። የአማርኛ ኢታሊክ ብላችሁ የምታዩት አብዛኛው በሶፍትዌር የተገፋ ፊደል ነው።

አራተኛው በሁለቱም ጠርዝ የተስተካከለ ጽሑፍ ነው። የአማርኛ ቃል ይረዝማል፤ «እንደማያስፈልጋቸውም» አንድ ቃል ነው። ጠባብ አምድ ላይ እንዲህ ያሉ ሁለት ቃላት ሲገናኙ መሃላቸው ላይ መንገድ ይከፈታል። ብዙ ሶፍትዌር ደግሞ የአማርኛ ቃል የት እንደሚከፈል አያውቅም። ቴክ ለኢትዮጵያ ፊደል የተዘጋጀ የቃል መክፈያ ሕግ አለው፤ ዚቴክ ወይም ሉዋቴክ የሚባሉትን አዳዲስ የቴክ ዝርያዎች ስትጠቀሙ ይሠራል። ሌላው ላይ ከሆናችሁ አምዱን አስፉት ወይም በግራ ብቻ አሰልፉት። እኔ ለጠባብ አምድ ሁልጊዜ በግራ ነው የማሰልፈው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጽሑፉን ሌይአውት ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ሁለት ሁለት ነጥብ ተደርድሮ የተጻፈውን «፡፡» በሙሉ ፈልጋችሁ በ«።» ተኩት። ሁለት ምልክት ስለሆነ በሆሄያት መሃል ክፍተት ስትጨምሩ ይለያያል። ከአራት ነጥብ በፊት ያለውንም ስፔስ አጥፉ። አለበለዚያ አራት ነጥቡ ብቻውን ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ቁጭ ይላል።

200 ሰርተፊኬት ላይ 200 ስም ማስገባት አለብኝ። በእጅ ልሥራው?

ኧረ በጭራሽ። ኢንዲዛይንና አፊኒቲ «ዳታ መርጅ» አላቸው፤ ዎርድ ደግሞ «ሜይል መርጅ»። ስሞቹን ኤክሴል ላይ ታዘጋጃላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ፋይል) አድርጋችሁ ታገናኛላችሁ፣ ሶፍትዌሩ ገጾቹን ይወልዳል። ሲኤስቪውን ዩኒኮድ አድርጋችሁ ማስቀመጣችሁን እዩ፤ አለበለዚያ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል። ሁሉንም ከማስኬዳችሁ በፊት ደግሞ ከዝርዝሩ ረጅሙን ስም ፈልጋችሁ በእሱ ሞክሩ። አጭር ስም ሁልጊዜ ያምራል።

ኮድ የምትጽፉ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ገጹን በኤችቲኤምኤልና በሲኤስኤስ ሠርታችሁ ዊዚፕሪንት ወይም ፕሪንስ በሚባሉት ወደ ፒዲኤፍ መቀየር ይቻላል። ልኬቱን በሚሊሜትር ትሰጣላችሁ። ደረሰኝ፣ ትኬት፣ የውጤት ካርድ በየቀኑ ለሚያወጣ ሥርዓት ከዚህ የሚመች የለም።

በሚሊሜትር ለክቼ ሠርቼ ሲታተም ለምን ይዛባል?

በዚህ ላይ ቆሽቴ ያረረበት ቀን ስላለ ረዘም አደርጋለሁ።

የማስጌጫው ክፈፍና ነጠብጣብ መስመሩ አስቀድሞ የታተመ ሰርተፊኬት ነበር። የእኔ ሥራ ስሙን ነጠብጣቡ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው። በማስመሪያ ለካሁ፦ ከላይ 142 ሚሊሜትር። ሶፍትዌሩ ላይም 142 አደረግኩ። ሲታተም ስሙ ከነጠብጣቡ በላይ ተንሳፍፎ ወጣ። ወደ ታች 4 ሚሊሜትር ገፋሁት። ስሙ ልክ መጣ፣ ከታች ያለው ቀን ግን አሁንም ከፍ ብሏል። ሶፍትዌሩን ረገምኩ፣ ሌላ ሶፍትዌር ጫንኩ፣ ያው ሆነ። ሁለት ሰዓት ከፈጀሁ በኋላ ነው የማተሚያውን መስኮት ቀስ ብዬ ያነበብኩት። «ከገጹ ጋር አመጣጥን» የሚለው ምርጫ ተመርጦ ኖሯል። 97 በመቶ አድርጎ ነበር የሚያትመው።

97 በመቶ ትንሽ ይመስላል። የኤ4 ቁመት 297 ሚሊሜትር ነው። በ97 በመቶ 288 ይሆናል። 9 ሚሊሜትር ጠፋ ማለት ነው። የእኔው ፕሪንተር ከላይኛው ጥግ ይዞ ስለሚያጨማድደው ደግሞ ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ጽሑፉ ይበልጥ ወደ ላይ ይሸሻል። አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው የሚያመልጣችሁ ለዚህ ነው።

ሌላው የተለመደ ጥፋተኛ የወረቀት መጠን ነው። ሶፍትዌሩ «ሌተር» በሚባለው የአሜሪካ ወረቀት መጠን ላይ ተከፍቶ ፕሪንተሩ ውስጥ ኤ4 ካለ፣ አንዱ 216 በ279 ሌላው 210 በ297 ስለሆነ ፕሪንተሩ በራሱ ያጠበዋል ወይም ያንሸራትተዋል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልኬት ያለው ሥራ ሁሉ ላይ ጥግ ላይ 100 ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን መስመር አሰምራለሁ። አንድ ወረቀት አትሜ መስመሩን በማስመሪያ እለካለሁ። 100 ከሆነ መስመሩን አጥፍቼ እቀጥላለሁ። 97 ከሆነ ሶፍትዌሩን መንካት አያስፈልገኝም። ምርጫው «ትክክለኛ መጠን» ወይም 100 በመቶ መሆን አለበት።

100 ሆኖም ስሙ አንድ ሚሊሜትር ሊሸሽ ይችላል። ፕሪንተሩ ወረቀቱን ሲስብ የሚፈጥረው ነው፣ ከቅጠል ቅጠልም ይለያያል። ስለዚህ ዲዛይኑ ላይ መላወሻ ተዉ። አንድ ሚሊሜትር ሲሸሽ የሚያስጠላ ሌይአውት ለቤትና ለቢሮ ፕሪንተር አይሆንም።

ማተሚያ ቤት የሚፈልገው ምን ዓይነት ፋይል ነው?

መጀመሪያ ጠይቋቸው። ከ10 ጊዜ 9ኙ ፒዲኤፍ ነው የሚሉት። ለኅትመት የወጡ ደረጃዎች አሉ፤ ፒዲኤፍ/ኤክስ-1ኤ እና ፒዲኤፍ/ኤክስ-4 በብዛት ይጠራሉ። ኢንዲዛይን፣ አፊኒቲና ስክራይበስ ያወጡታል። ዎርድ የሚያወጣው ፒዲኤፍ ይህ አይደለም።

ቀለም ወይም ፎቶ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የሚደርስ ከሆነ 3 ሚሊሜትር ብሊድ ጨምሩ። መቁረጫው ቢላ ትንሽ ቢስት ነጭ መስመር እንዳይታይ ነው። ጽሑፉን ደግሞ ከመቁረጫው መስመር ወደ ውስጥ ቢያንስ 5 ሚሊሜትር አስገቡት። ፎቶው በሚታተምበት መጠን ኢንች ላይ 300 ፒክስል ያህል ይኑረው። 10 ሴንቲሜትር ወርድ ላለው ፎቶ 1181 ፒክስል ይበቃል።

ጥቁር ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ መታተም አለበት። በአርጂቢ (በስክሪን ቀለም) የተሠራ ጥቁር ወደ ሲኤምዋይኬ ሲቀየር ከአራቱም ቀለም ይቀላቀላል። አራቱ ትንሽ ካልገጠሙ ትንሹ ፊደል ዙሪያ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ያወጣል። ስክሪን ላይ የታየ ደማቅ አረንጓዴም ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። ይህን ለደንበኛችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

የመጽሐፍ ሽፋን ከሆነ የጀርባውን ውፍረት ሳታውቁ አትጀምሩ። 200 ገጽ 100 ቅጠል ነው። ቅጠሉ 0.1 ሚሊሜትር ከሆነ ጀርባው 10 ሚሊሜትር ይሆናል። ወረቀቱ ሲቀየር ጀርባው ይቀየራል፣ ርዕሱም ከመሃል ይሸሻል።

የተሰበረ ሶፍትዌር፣ ክራክ የሚባለውን ብጠቀምስ?

ሕጉን እናንተው ታውቁታላችሁ። እኔ የማየው የሥራውን ጣጣ ነው። ቫይረስ ይዞ ይመጣል፣ አይታደስም፣ ሌላው በአዲሱ እትም የሠራውን ፋይል አይከፍትላችሁም። አፊኒቲና ስክራይበስ በነጻ እያሉ ምን አስጨነቃችሁ?

ከአምስት ዓመት በኋላ ፋይሌ ይከፈትልኛል?

የኢንዲዛይንን ፋይል ያለ ኢንዲዛይን በአግባቡ መክፈት ከባድ ነው። ስለዚህ አንድ ሥራ ስትጨርሱ ሦስት ነገር አብራችሁ አስቀምጡ፦ ዋናውን ፋይል፣ አይዲኤምኤሉንና ፒዲኤፉን። ፎንቶቹንና ፎቶዎቹንም አንድ ፎልደር ውስጥ ጠቅልሉ፤ ኢንዲዛይን «ፓኬጅ» የሚለው ትእዛዝ ይህን ይሠራል። የስክራይበስ ፋይል ተራ ኤክስኤምኤል፣ ማለትም በጽሑፍ ሊነበብ የሚችል ነው። ላቴክና ታይፕስት ደግሞ ከነጭራሹ ጽሑፍ ናቸው፣ ኖትፓድ ይከፍታቸዋል። ዕድሜ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ይህ ትልቅ ነጥብ ነው።

ከመወሰኔ በፊት እንዴት ልሞክር?

ቱቶሪያል (የማስተማሪያ ቪዲዮ) እያያችሁ የሰው ናሙና አትሥሩ። ከራሳችሁ ሥራ ከባዷን ገጽ አንሱ፤ ሠንጠረዥ፣ ፎቶ፣ የግርጌ ማስታወሻና ረጅም አንቀጽ አንድ ላይ ያለባትን። ሁለት ሶፍትዌር ላይ ያችኑ ገጽ ሥሯት። እያንዳንዱ ላይ ግማሽ ቀን ስጡ።

ከዚያ አበላሿት። መሃሏ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ። የፎንቱን መጠን በአንድ ፖይንት አሳድጉ። ፎቶውን በሌላ ቀይሩ። የትኛው ላይ ቶሎ ወደ ቦታዋ እንደተመለሰች እዩ። እኔ ሶፍትዌር የምመርጠው ገጹን መጀመሪያ ስሠራ ባለኝ ስሜት አይደለም። ደንበኛው ለሰባተኛ ጊዜ «ትንሽ ነገር ብቻ» ብሎ ሲደውል በሚሆነው ነው።

በመጨረሻ ፒዲኤፍ አውጥታችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት፣ በ100 በመቶ አትሙት፣ ለኩት። ማስመሪያችሁ የብረት ቢሆን ይሻላል። የፕላስቲኩ ዜሮ ብዙ ጊዜ ከጫፉ ገባ ብሎ ነው የሚጀምረው።